ሥራ መግዛትና ስም መግዛት

ሰሞኑን በመካዋ ሩሰይፋና በጅዳ የምንኖር ሐበሾች በምንገናኝበት ግሩፕ አንድ ወንድማችን «የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራልኝ ካለ በሪያል እከፍላለሁ» ብሎ ለጠፈ። ቀን ሥራ ላይ ነው፣ ማታ በርቀት ይማራል፣ ጊዜ የለውም። ግማሹ ሰው «ሐራም ነው» አለው፣ ግማሹ ዋጋ ተደራደረው። ነገሩን ያብራራለት ስላልነበረ ነው ይህን መጻፌ።

ኩረጃ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን አጤሬራ ነው፤ እጅጌ ውስጥ የተሸጎጠች ብጣሽ ወረቀት። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን መልኩ ይበዛል። የሰው ጽሑፍ ምንጭ ሳይጠቅሱ መገልበጥ አለ፣ በግሩፕ አሳይመንት ስም ብቻ ማስገባት አለ። ብዙ የማይወራለት ደግሞ መጠይቁን ራስ ቁጭ ብሎ መሙላት ነው። መቶ ገበሬ ጠየቅሁ ይባላል፤ መቶውም የተሞላው ዶርም ውስጥ ነው፣ እስክሪብቶ እየተቀያየረ። እኔን ከግልበጣው ይልቅ ይህ ያስፈራኛል። የተገለበጠው ቢያንስ አንድ ሰው የደከመበት ነው፤ ያልተጠየቀ ገበሬ መልስ ግን የትም የለም፣ ነገ ግን ማስረጃ ተብሎ ይጠቀሳል።

ለመያዝ የሚያስቸግረው አስጽፎ ማቅረብ ነው። ቱርኒቲንን የመሰለ ሶፍትዌር መመሳሰልን የሚያገኘው ያስገባችሁትን ጽሑፍ ቀድሞ ካለው ጋር በማመሳከር ነው። በክፍያ የተጻፈው አዲስ ስለሆነ ንጹሕ መስሎ ያልፋል። የሚያጋልጠው ምዕራፍ በምዕራፍ የሚከታተል አማካሪና በዲፌንስ ቀን «ይህን ናሙና ለምን መረጥህ?» ብሎ የሚያፋጥጥ ፈታኝ ነው።

«ትልልቆቹም ያደርጉታል» ያለም ነበር። ሐሰት አይደለም። ከሩሰይፋ በሐረመይን ባቡር አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ጅዳ ትደርሳላችሁ፤ እዚያ ያለው የንጉሥ አብዱልዓዚዝ ዩኒቨርሲቲ በ2011 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ሥራቸው በብዛት የሚጠቀስላቸውን የዓለም ተመራማሪዎች በትርፍ ጊዜ ይቀጥር ነበር፤ በዓመት ጥቂት ሳምንት ጅዳ መገኘትና በተጠቃሾች መዝገብ ላይ ዩኒቨርሲቲውን ሁለተኛ መሥሪያ ቤት አድርጎ ማስፈር ይጠበቅባቸው ነበር። አንድ የሃርቫርድ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ በዓመት 72 ሺህ ዶላር የሚል ኢሜይል ሲደርሰው መጀመሪያ አጭበርባሪ የላከው መስሎት ነበር። ከ60 በላይ ሰዎች ግን ፈርመዋል። ትብብሩ የእውነት ነው ብለው የተከራከሩም አሉ።

በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ የስፔኑ የኮርዶባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቱን ራፋኤል ሉኬን ለ13 ዓመት ያለ ደመወዝ አገደው። የእነሱ የሙሉ ጊዜ ተቀጣሪ ሆኖ ሳለ በጽሑፎቹ ላይ የሪያዱን የንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ ይጠቅስ ስለነበር ነው።

ወንድማችን የሰው ሥራ ገዝቶ የራሱን ስም ሊጽፍበት ነው፤ የጅዳው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሌላ ቦታ በተሠራ ሥራ ላይ ስሙ እንዲሰፍር ይከፍል ነበር። እኔ ልዩነት አይታየኝም፤ የዋጋው ካልሆነ በቀር።

አገር ቤትም ታሪኩ አይጠፋችሁም። በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ሾልኮ ወጥቶ በመላ አገሪቱ ተሰረዘ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ኩረጃን ለመግታት ሲባል ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ጥፋቱን ሁሉ በተማሪው ላይ መከመር ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። መምህርና መጽሐፍ የሌለው ትምህርት ቤትም እዚያ ቁጥር ውስጥ አለ።

እዚህ ሳዑዲ ለጤና ባለሙያ የሥራ ፈቃድ ሲጠየቅ ዲግሪው ትክክለኛ መሆኑ ከሰጠው ተቋም በቀጥታ ይጣራል። ፎርጅድ ወረቀት እዚያ ላይ ይወድቃል። የተገዛ መመረቂያ ጽሑፍ ግን ያልፋል፤ ዩኒቨርሲቲው የሚመልሰው «አዎ፣ ተመርቋል» ብሎ ነውና።

ለወንድማችን በግል የጻፍኩለት እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ አማካሪህን ጊዜ እንዲራዘምልህ ጠይቅ፣ ካልሆነ አንድ ሴሚስተር አቋርጥ። እንግሊዝኛህን ለሚያርም ሰው መክፈል በብዙ ቦታ ይፈቀዳል፤ አማካሪህ ይወቀው፣ ምስጋና ገጹ ላይም ስሙን ጻፍ። በኤስፒኤስኤስ፣ በስታትስቲክስ ሶፍትዌሩ፣ የሚያግዝህ ሰው ብትይዝ ደግሞ እያንዳንዱ ሠንጠረዥ ምን እንደሚል አንተው እስክታስረዳ ድረስ ከጎኑ አትነሣ።