ከመረቡ በፊት፦ በጣና ሐይቅ ዓሣ ማስገር ለሚጀምሩ የኅብረት ሥራ ማኅበራት

በጣና ሐይቅ ዙሪያ መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶች ተሰባስበው የአስጋሪዎች ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ለልማት ሠራተኛው የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «መረብ ከየት እንግዛ?» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው ይህ ጥያቄ የመጨረሻ መሆን እንደሚገባው ነው። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የዓሣው ዓይነት፣ የሚራባበት ጊዜና ቦታ፣ እንዲሁም የተያዘው ዓሣ ሳይበላሽ የሚሸጥበት መንገድ ነው።

እኛ ራሳችን ይህን የተማርነው ከስሕተታችን ነው። ሙያችን ሰብል በመሆኑ ሐይቁን እንደ ማሳ ተመለከትነው። ምርቱ የቀነሰበት አንድ ማኅበር ምክር ቢጠይቀን፣ ለደከመ ማሳ ማዳበሪያ እንደሚጨመር ሁሉ መረብ እንዲጨምር መከርነው። ማኅበሩም ተበድሮ መረቡን እጥፍ አደረገ። ምርቱ ለጥቂት ሳምንታት ከፍ ካለ በኋላ ተመልሶ ወረደ፤ ዕዳው ግን አልወረደም። ገበሬ ዘሩን ከጎተራ አውጥቶ በእጁ ይዘራል። በሐይቅ ውስጥ ግን ዘሩም ዘሪውም ዓሣው ነው፤ አስጋሪው ሳያውቀው ዘሩን ሊጨርሰው ይችላል።

ሦስቱ የገበያ ዓሦች

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ቢኖረውም ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ያህል ነው። ለገበያ የሚቀርቡት ዓሦች በሦስት ይከፈላሉ።

ቀረሶ (በሌላ ሥፍራ ቆሮሶ የሚባለው) ሣርና ደንገል ባለበት የሐይቁ ዳር ይበዛል። ሴቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ስለዚህ በዚህ ጊዜ አንዲት እናት ስትያዝ ጫጩቶቿም አብረው ይጠፋሉ።

አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ ባለጢም ዓሣ ነው። ከውሃው በላይ ያለውን አየር መተንፈስ ስለሚችል አነስተኛ አየር ባለው ውሃ ውስጥም ይኖራል። የሚራባው በክረምት፣ ውሃ በሸፈነው የሐይቁ ዳር ሜዳ ነው።

ነጭ ዓሣ የምንለው በርካታ ዝርያዎችን የያዘ ወገን ሲሆን፣ አብዛኞቹ ዝርያዎች ከጣና በስተቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኙም። አድገው ለመራባት ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ባሉ ወንዞች አፍ ላይ ተሰብስበው፣ ጠጠር ወዳለበት የወንዙ ክፍል ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ።

ቀላል የሚመስለው ምርት

ዓሣው በወንዝ አፍ ሲሰበሰብ ለጀማሪ አስጋሪ ትልቅ ፈተና ነው። ነዳጅና ድካም ሳያወጣ በአንድ ሌሊት ጀልባውን ሊሞላ ይችላል። የፍልሰታ ጾም በዚሁ ወቅት ስለሚውል ገዢም አይጠፋም። ሆኖም እዚያ የሚያዘው እንቁላል የተሸከመው ዓሣ ነው።

ውጤቱ በጣና ታይቷል። የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ እ.ኤ.አ. በ1986 ከገቡ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በነበሩት ዓመታት የነጭ ዓሣ ክምችት በግምት ሦስት አራተኛው እንደቀነሰ በጥናት ታውቋል። ዋነኛ ምክንያት ተብሎ የተጠቀሰውም በወንዝ አፍ ላይ የሚጣለው መረብ ነው።

አጀማመር

1. ፈቃድ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ወዲህ ይህ ሥራ በሕግ ይመራል። ማኅበሩ የተፈቀደውን ቦታ፣ ወቅትና የመረብ ዓይነት ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ አለበት። በብርብራ ፍሬ ወይም በሌላ መርዝ ማስገር ትልቁንም ትንሹንም ስለሚፈጅ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

2. ትምህርት። አባላቱ ቢያንስ ጥቂት ሳምንታት ከነባር አስጋሪዎች ጋር ይውጡ። በደንገል ታንኳ ሲያሰግሩ የኖሩት የነገደ ወይጦ አባቶች ስለ ነፋሱና ስለ ዓሣው መዋያ የሚያውቁት በእኛ ትምህርት ቤት አይገኝም። ለልምምድ መንጠቆ ይሻላል፤ ዋጋው አነስተኛ ነው፤ ለአምባዛም ይስማማል።

3. መረብ። ጥቂት መረብ ይበቃል። የመረቡን ዓይን በተቃራኒ ቋጠሮዎቹ ይዞ መወጠርና በማስመሪያ መለካት ያስፈልጋል። እኛ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያላነሰውን እንመክራለን፤ የክልሉ ደንብ ከዚህ የሰፋ ከጠየቀ ደንቡ ይከበር። ጠባብ ዓይን ያለው መረብ በርካሽ ቢገኝም ገና ያልወለደውን ይይዛል። ጠፍቶ የቀረ መረብም በውሃ ውስጥ ዓሣ መያዙን ስለማያቆም፣ እያንዳንዱ መረብ ምልክት ይኑረው።

4. ደኅንነት። ማንም ብቻውን አይውጣ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ካልተገኘ፣ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጄሪካን ለእያንዳንዱ ሰው በጀልባው ይኑር። ማዕበል ሲነሳ መረቡ ቢቀር ይሻላል።

5. አያያዝ። ማታ የተጣለ መረብ ጎህ ሲቀድ ይነሳ፤ በመረብ ውስጥ ሞቶ የቆየ ዓሣ ይበላሻል። የተያዘው ወዲያው ጥላ ውስጥ ገብቶ፣ ሆዱና ስንጥቡ ወጥቶ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። በረዶ ካለ በበረዶ ይያዝ፤ ከሌለ የተረፈው በዕለቱ ተሰንጥቆ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ቋንጣ ይሁን።

6. መዝገብ። በየዕለቱ የተጣለው መረብ ብዛትና የተያዘው ዓሣ በኪሎ ይጻፍ። አምና በ10 መረብ 50 ኪሎ ይያዝ ነበር እንበል። ዘንድሮ 50 ኪሎ ለማግኘት 20 መረብ ካስፈለገ፣ ጠቅላላው ምርት ባይቀንስም ከአንድ መረብ የሚገኘው በግማሽ ወርዷል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ መረብ መጨመር አይደለም።

ብድሩና ወቅቱ

ለልማት ሠራተኛው ልዩ አደራ የምንለው ይህን ነው። ገበያው የሚደራው በዐቢይ ጾም ነው፤ ዓሣው የሚራባው ግን በክረምት ነው። የብድሩ ክፍያ መስከረም ላይ ከዋለ፣ ማኅበሩ መልካም ቢያስብም ዕዳው ወደ ወንዝ አፍ ይገፋዋል። ስለዚህ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ክፍያው በፋሲካ ሰሞን እንዲሆን መስማማት፣ ከዐቢይ ጾም ሽያጭም ለክረምቱ መቆያ የሚሆን ገንዘብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዝ አፍ መረብ እንደማይጣል በመተዳደሪያ ደንቡ ይጻፍ። በእነዚህ ወራት አባላቱ መረብ ይጠግናሉ፣ ጀልባ ያድሳሉ፣ በአረምና በሌላ የእርሻ ሥራ ይሰማራሉ።

አንድ ማኅበር ብቻውን ቢታቀብ ጎረቤቱ ያሰግርበታል የሚል ቅሬታ በየቦታው ይቀርብልናል፤ ቅሬታው እውነት ነው። በመሆኑም በአንድ ወንዝ አፍ ዙሪያ ያሉት ማኅበራት ሁሉ በአንድ ስብሰባ ተስማምተው ተራ ጠባቂ ቢመድቡ ይሻላል። ስብሰባውን ከሰኔ በፊት መጥራት የልማት ሠራተኛው ሥራ ነው፤ ዓሣው ወንዝ አፍ ከደረሰ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ሰሚ አያገኝም።