የድጋፍ መዝገብ በሕዝብ ፊት ይነበብ

ለችግረኛ ቤተሰብ ድጋፍ ይድረስ ሲባል የሚቃወም የለም። ክርክሩ የሚነሣው ችግረኛው ማን ነው፣ ማንስ ይመርጠዋል፣ በምን መመዘኛ፣ ስሕተት ሲፈጸምስ አቤቱታው በማን ፊት ይሰማል በሚሉት ጥያቄዎች ላይ ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ላይ ላዩን ለተመለከታቸው የጽሕፈት ቤት ሰዎች ጉዳይ ይመስላሉ። በተጨባጭ ሲታዩ ግን የአንዲት አቅመ ደካማ እናት ምድጃ መንደዱና አለመንደዱ የሚወሰነው በእነርሱ መልስ ነው። በመሆኑም የቀበሌ ማኅበር አባልም ሆነ ሠራተኛው የቤተሰብ ድጋፍ አስተዳደር እንዴት እንደሚደራጅ ጠንቅቆ ማወቅ ይኖርበታል።

ከዕለት እርጥባን ወደ ታወቀ ድርሻ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ቤተሰብ የኅብረተሰብ የተፈጥሮ መሠረት መሆኑንና ከኅብረተሰቡም ከመንግሥትም ጥበቃ እንደሚገባው ይደነግጋል። አንቀጽ 41 ደግሞ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞች፣ አረጋውያንና አሳዳጊ ያጡ ሕፃናት እንዲረዱ ያዛል። ይሁን እንጂ ድንጋጌ ብቻውን እንጀራ አይጋግርም። ድንጋጌው ከቤተሰቡ ደጃፍ የሚደርሰው በመዋቅር አማካይነት ነው።

ከ1997 ዓ.ም. በፊት የነበረው አሠራር ይህንኑ ያስረዳል። በየዓመቱ የምግብ እጥረት በሚያጋጥማቸው ወረዳዎች የሚኖረው ገበሬ የሚረዳው የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ ተላልፎ፣ እህሉ ተለምኖና ተጓጉዞ ሲደርስ ነበር። እህሉ እስኪደርስ በሬው ይሸጣል፤ በሬውን የሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመትም ተረጂ ይሆናል። በ1997 ዓ.ም. ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን ይዞ የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ይህን አዙሪት ለመስበር የታቀደ ነበር። መሠረተ ሐሳቡም፣ ችግሩ በየዓመቱ የሚጠበቅ ከሆነ ድጋፉም አስቀድሞ የታወቀ መሆን አለበት የሚል ነው።

የሥራ ክፍፍሉ

በፕሮግራሙ መመሪያ መሠረት ጉልበት ያለው አባል ያለበት ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ ይሰማራል፤ እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ የገጠር መንገድ ያበጃል። ሠርቶ የሚያበላው የሌለው ቤተሰብ ያለ ሥራ ግዴታ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ከጉልበት ሥራ ነፃ ሆና ድርሻዋን ትወስዳለች።

አስተዳደሩ ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ የተተወ አልነበረም። የግብርና መሥሪያ ቤት ፕሮግራሙን ሲያስተባብር የገንዘብ መሥሪያ ቤት ሒሳቡን እስከ ወረዳ ያወርዳል፤ ወረዳው ዕቅዱንና የክፍያ መዝገቡን ያዘጋጃል፤ በቀበሌና በመንደር የተቋቋሙ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይሎች ደግሞ ቤተሰቦቹን ይለያሉ። በ2007 ዓ.ም. በተጀመረው አራተኛ ምዕራፍ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙ ቤተሰቦች ጉዳይ ለሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ተሰጠ። በ2014 ዓ.ም. አስፈጻሚ አካላት እንደገና ሲደራጁም ማኅበራዊው ዘርፍ ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛወረ። ክፍፍሉ ትክክለኛ መነሻ አለው። የእርከን ርዝመት የሚለካ ባለሙያ የአረጋዊን ብቸኝነት የሚለካበት ሜትር የለውምና።

ግማሽ ቤተሰብ የለም

የአፈጻጸም ችግር ምን ያህል ሰው እንደሚጎዳ ለመረዳት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የታየውን አንድ ስሕተት መመርመር ይበቃል። መመሪያው ለአንድ ሰው በወር የ5 ቀን ሥራ ያስብ ነበር። ስለዚህ 6 አባላት ያሉት ቤተሰብ ድርሻ የ30 ቀን ነበር። ነገር ግን ኮታው ከችግረኛው ቁጥር ሲያንስ በአንዳንድ ቀበሌዎች ከአንድ ቤተሰብ ጥቂት አባላት ብቻ እየተመዘገቡ ድጋፉ ለብዙ ቤት ተበተነ። ከ6ቱ 2ቱ ብቻ ሲመዘገቡ 30 ቀን 10 ቀን ይሆናል፤ የ10 ቀኑም ክፍያ በአንድ ማዕድ ለተቀመጡት ለ6ቱም ይከፋፈላል።

የመራጮቹ አሳብ ክፉ አልነበረም፤ ማንንም ላለማስቀየም፣ ለሁሉም ጥቂት ለማዳረስ ነበር። ውጤቱ ግን ድጋፍ የተባለው ማንንም ሳይደግፍ መቅረቱና በሬው እንደገና ለገበያ መቅረቡ ነው። በኋላ የድጋፉ መለኪያ ሙሉ ቤተሰብ እንዲሆን አጥብቆ የታዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ይሉኝታ የተጫነው ድልድል ርኅራኄ ይመስላል እንጂ ፍትሕ አይደለም።

ከተማውና መመዘኛው

የከተማ ድህነት ከገጠሩ በመልኩ ይለያል። ከተሜው ማሳ የለው፣ በሬ የለው፤ የቤት ኪራይና የገበያ ዋጋ ግን በየወሩ ይጠብቁታል። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሥራ ላይ የዋለው የከተማ ምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮጀክት 604,000 ሰዎችን ለማቀፍ ታቅዶ ነበር። በዕቅዱ ከመቶ 84ቱ በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በመሳሰለው ሥራ የሚሰማሩ፣ ከመቶ 16ቱ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙ ነበሩ። ሠራተኞቹ ከክፍያቸው ከመቶ 20ውን እየቆጠቡ በ3 ዓመት ውስጥ ወደ ራሳቸው ሥራ እንዲሸጋገሩ ተወጠነ።

ምርጫው በሁለት ዓይን የሚታይ ሆኖ ተደራጀ። አንደኛው የአካባቢው ኮሚቴ ዕውቀት ሲሆን ሌላው የቤተሰቡን ሁኔታና ንብረት በነጥብ የሚመዝን መጠይቅ ነው። ሁለቱም ጉድለት አላቸው። ጎረቤት የጎረቤቱን ጓዳ ያውቃል፤ ዝምድናና ቂምም ያውቃል። መጠይቁ ዝምድና አያውቅም፤ ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ያለውን አሮጌ ቴሌቪዥን ቆጥሮ ከመጋረጃው ጀርባ የተኛውን በሽተኛ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ አንደኛው ሌላውን መቆጣጠር አለበት።

አቤቱታው ለማን?

ከሁሉ በላይ ግን የሚቆጣጠረው ሕዝቡ ነው። በገጠሩ ፕሮግራም የተመረጡት ሰዎች ስም በነዋሪው ስብሰባ ፊት ተነብቦ አስተያየት እንዲሰጥበት፣ ቅሬታውም ከመራጩ ግብረ ኃይል በተለየ የአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲታይ ተደንግጓል። ይህ መለያየት የጽሕፈት ቤት ሥርዓት ማብዛት አይደለም። መዝገቡን ያዘጋጀ ሰው የመዝገቡን ስሕተት ይዳኝ ማለት ከሳሽንም ዳኛንም አንድ ማድረግ ነው።

በሌላ በኩል ስብሰባ ተጠርቷል ማለት ሁሉም ተሰምቷል ማለት አይደለም። የአልጋ ቁራኛው ከስብሰባ አይገኝም። ጉሊት የምትቸረችር እናት ለስብሰባ ስትል የዕለት ገበያዋን አትጥልም። መታወቂያ የሌለው ደባል አፉን ሞልቶ አይናገርም። ከመዝገብ የሚቀሩትም ብዙውን ጊዜ እነዚሁ ናቸው።

እንግዲህ የነዋሪ ማኅበራት ድርሻ እዚህ ላይ ይጀምራል። መዝገቡ በአደባባይ እንዲነበብና እንዲለጠፍ መጠየቅ፣ ከስብሰባ የቀሩትን በየቤታቸው ሄዶ መጎብኘት፣ ቅሬታ ያለውን ወገን ቅሬታውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ መርዳት፣ የማይገባው ሲመዘገብ ወዳጅም ቢሆን «አይገባውም» ብሎ መናገር ከእያንዳንዱ አባል ይጠበቃል። መሥሪያ ቤቱ ገንዘቡን ይመድባል፣ መመሪያውን ያወጣል፣ ባለሙያውን ያሰማራል። በየትኛው ቤት ጭስ ሳይወጣ እንደዋለ ቀድሞ የሚያየው ግን ጎረቤት ነው። ያየውን ይናገር!