የአሜሪካ ሥራ አጦች ክፍያ፤ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

የአሜሪካ ኢኮኖሚ በተቀዛቀዘ ቁጥር ኮንግረሱን ለሁለት የሚከፍል አንድ ጥያቄ አለ። ለሥራ አጦች የሚሰጠው ሳምንታዊ ክፍያ ሲራዘም ወጪውን ማን ይሸፍን? ጉዳዩ የማኅበራዊ ፖሊሲ ብቻ ቢመስልም ቦንድ ገዢው፣ ቸርቻሪውና አሠሪው በቅርብ ይከታተሉታል። ውሳኔው የራሳቸውን ሒሳብ ይነካልና።

አሠራሩ የተዘረጋው እ.ኤ.አ. በ1935 በወጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ነው። መደበኛውን ክፍያ የሚፈጽሙት ክፍለ ግዛቶች ሲሆኑ፣ ገንዘቡን የሚሰበስቡት በአብዛኛው ከአሠሪዎች ነው። ሠራተኛ በብዛት የሚያሰናብት ድርጅት ከፍ ያለ ግብር ይጣልበታል። ፌዴራል መንግሥቱም ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ዓመታዊ ደመወዝ በመጀመሪያው 7,000 ዶላር ላይ 6 በመቶ ግብር አሠሪውን ያስከፍላል። የክፍለ ግዛቱን ግብር በወቅቱ ለከፈለ አሠሪ ግን 5.4 በመቶው ስለሚቀነስለት፣ የሚደርስበት በዓመት በአንድ ሠራተኛ 42 ዶላር ብቻ ነው።

መደበኛው ክፍያ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ቢበዛ ለ26 ሳምንታት ይቆያል። ውዝግቡ የሚነሣው ይህ ጊዜ አልቆ ሥራ ሳይገኝ ሲቀር ነው።

የ2010 ፍጥጫ

የቤት ብድር ቀውስ ኢኮኖሚውን ባናጋበት ወቅት ኮንግረሱ በሰኔ 2008 በፌዴራል ገንዘብ የሚሸፈን አስቸኳይ ማራዘሚያ አጸደቀ። ፕሮግራሙ እየሰፋ ሄዶ ክፍያው በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች እስከ 99 ሳምንታት ደረሰ። ይሁን እንጂ የሚታደሰው ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለነበር እያንዳንዱ የማብቂያ ቀን የፖለቲካ መደራደሪያ ሆነ።

በየካቲት 2010 የኬንታኪው ሴናተር ጂም በኒንግ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የአንድ ወር ማራዘሚያ ወጪው ከሌላ በጀት ካልተተካ በሚል ለቀናት አገዱት። በሰኔ ወር ፕሮግራሙ እንደገና ተቋርጦ፣ 34 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣው ማራዘሚያ የተፈረመው ሐምሌ 22 ቀን 2010 (እ.ኤ.አ.) ነበር። በመካከሉ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ክፍያቸው ተቋርጧል።

የሪፐብሊካኖቹ መከራከሪያ የበጀት ጉድለቱ ከ1 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ስለሆነ አዲስ ወጪ ሁሉ በቅነሳ ይተካ የሚል ነበር። ዴሞክራቶቹ ደግሞ ገበያው በቀዘቀዘበት ጊዜ ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው መስጠት ፋይዳ የለውም አሉ። የኮንግረሱ የበጀት ጽሕፈት ቤት በበኩሉ ለሥራ አጦች የሚሰጠውን ገንዘብ ኢኮኖሚውን በማነቃቃት ረገድ ከፍተኛ ውጤት ካላቸው ወጪዎች ተርታ መድቦታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ደመወዝ የቀረበት ሰው ያገኘውን ገንዘብ ባንክ አያስቀምጥም፤ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ያውለዋል።

በታኅሣሥ 2010 የ13 ወራት ማራዘሚያ፣ በቡሽ ዘመን የወጣው የታክስ ቅነሳ ለሁለት ዓመት ከመራዘሙ ጋር ተጣምሮ ጸደቀ። ሁለቱም ወገኖች የፈለጉትን ሲያገኙ የጉድለቱ ጥያቄ ወደ ጎን ተባለ።

ገንዘብ መገኘቱም አልበቃም

ፕሮግራሙ ታኅሣሥ 28 ቀን 2013 ሲያበቃ 1.3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በአንድ ጊዜ ክፍያቸውን አጡ። በሚያዝያ 2014 ሴኔቱ የአምስት ወር ማራዘሚያ 59 ለ38 በሆነ ድምፅ አሳለፈ። በዚህ ጊዜ ወጪው ተተክቶ ነበር፤ ኩባንያዎች ለጡረታ ፈንድ የሚያዋጡትን ሲያዘገዩ ታክስ የሚከፈልበት ትርፋቸው ስለሚጨምር፣ ልዩነቱ ለማራዘሚያው እንዲውል ታስቧል። ሆኖም በሪፐብሊካኖች የተያዘው የተወካዮች ምክር ቤት ረቂቁን ለድምፅ ሳያቀርበው ቀረ።

በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ በሳምንት 600 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ተፈቀደ። በግል ሥራ የሚተዳደሩ፣ በዋሽንግተን አካባቢ የሚገኙ ኢትዮጵያውያን የታክሲ ሾፌሮችን የመሳሰሉ ሰዎችም ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት ታቀፉ። ሐምሌ 31 ቀን ጊዜው ሲያበቃ ኮንግረሱ ስላልተስማማ፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከአደጋ መከላከያ ፈንድ እስከ 44 ቢሊዮን ዶላር እንዲዛወር አዘዙ።

የመጨረሻው ሒሳብ

ፈንዳቸው የተሟጠጠባቸው ክፍለ ግዛቶች ከፌዴራል መንግሥቱ ይበደራሉ። ዕዳው በሁለት ዓመት ገደማ ካልተከፈለ አሠሪው የሚያገኘው የግብር ቅናሽ በየዓመቱ 0.3 በመቶ፣ ማለትም በሠራተኛ 21 ዶላር፣ እየተሸረፈ ይሄዳል። የካሊፎርኒያ አሠሪዎች ከ2022 ጀምሮ ይህ ደርሶባቸዋል። በ2024 የክፍለ ግዛቱ ዕዳ ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር።

በመሆኑም ይህን ገበያ የሚከታተል ነጋዴ ከፖለቲከኞቹ ንግግር ይልቅ ሦስት ነገሮችን ቢያይ ይጠቀማል፤ የማብቂያውን ቀን፣ ማራዘሚያው ከምን ጋር እንደሚጣመርና የክፍለ ግዛቱን ፈንድ ሁኔታ። ዛሬ "ተጠራቅሞ ይከፈላል" የተባለው ወጪ ከዓመታት በኋላ በአሠሪው የግብር ደረሰኝ ላይ ይወጣል።