ስለ በግ ጠጕር ጠባይና ጥቅም

የሰው ልጅ ብርድን ለመከላከል ከሚለብሳቸው ነገሮች ኹሉ የበግ ጠጕር በዕድሜ ከቀደሙት፤ በጥቅምም ከተመሰከረላቸው አንዱ ነው። በደጋ የሚኖር ሕዝብ ዋጋውን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገውም። ነገር ግን ጠጕሩ ለምን እንደሚያሞቅ፤ የትኛው ለልብስ፤ የትኛውስ ለምንጣፍ እንደሚስማማ፤ በምን ምክንያትም ዋጋው እንደሚወድቅ ጠንቅቆ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ ሕዝብ የሚያስተዳድሩ ሹማምንትና የበግ መንጋ ያላቸው ሰዎች ያስተውሉት ዘንድ ነገሩ ከዚህ በታች ተገልጿል።

ጥጥ ከተክል የሚገኝ ነው፤ የበግ ጠጕር ግን እንደ ሰው ጥፍርና እንደ ከብት ቀንድ ኬራቲን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። በአጕሊ መነጽር ቢመለከቱት ላዩ እንደ ዓሣ በተደራረበ ቅርፊት ተሸፍኗል፤ ርዝመቱም ቀጥ ያለ ሳይሆን የተጨማደደ ነው። አብዛኛው ጠባዩ ከእነዚህ ከሁለቱ ነገሮች ይመጣል። የተጨማደደ በመሆኑ በመካከሉ ብዙ አየር ይይዛል፤ የማይንቀሳቀስ አየርም ሙቀትን በቶሎ ስለማያሳልፍ የለበሰው ሰው ሙቀት ከገላው አይሸሽም። ቅርፊቱ ደግሞ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲታሽ አንዱ ካንዱ ጋር ይያያዝና ጨርቁ ይጠብባል፤ ይወፍራልም። ይህ ለካባና ለባርኔጣ ሥራ በብልሃት ሲደረግ ጥቅም ነው፤ ባለማወቅ ሲደረግ ግን ልብስን ያበላሻል።

ከዚህም በላይ የበግ ጠጕር ከክብደቱ ሲሶ የሚያህል እርጥበት ጠጥቶ ሲነኩት የረጠበ አይመስልም፤ እርጥበቱን በሚጠጣበትም ጊዜ ጥቂት ሙቀት ይሰጣል። እሳት በቶሎ አይይዘውም፤ ቢይዘውም ከነበልባሉ ሲያርቁት ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ጠላቶቹ ብል፤ ብርቱ የአመድ ውሃና ሶዳ፤ የፈላ ውሃም ናቸው።

የጠጕር ደረጃ የሚለየው ይልቁንም በቅጥነቱ ነው። መለኪያው ማይክሮን ይባላል፤ ይኸውም የአንድ ሚሊሜትር ሺህኛ እጅ ነው። ከ25 ማይክሮን በታች የሆነው ለስላሳ ስለሆነ ገላን ለሚነካ ልብስ ይሆናል፤ ከ35 በላይ የሆነው ሸካራ ስለሆነ ለስጋጃና ለምንጣፍ ይመረጣል። በቅጥነቱ ስሙ የተጠራው ሜሪኖ የሚባለው የእስፓንያ በግ ነው። የእስፓንያ ነገሥታት ይህ በግ ከአገር እንዳይወጣ ብዙ ዘመን ከልክለው ነበር፤ ነገር ግን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1765 ወደ ሳክሶኒ፤ በ1786 ወደ ፈረንሳይ፤ በ1797 ወደ አውስትራልያ ገባ። ዛሬ በቀጭን ጠጕር ቀዳሚዋ አገር አውስትራልያ ናት።

ፍየልም ከዚህ ጥቅም የራቀ አይደለም። ከአንካራ ከተማ ስሙን ያገኘው የአንጎራ ፍየል ሞሄር የሚባል ረዥምና የሚያብረቀርቅ ጠጕር ይሰጣል፤ በዓመት ሁለት ጊዜም ይሸለታል። ካሽሚር የሚባለው ደግሞ በሞንጎልያና በቻይና ብርድ አገር ያሉ ፍየሎች ከውጭ ጠጕራቸው በታች የሚያበቅሉት ለስላሳ ጠጕር ነው፤ ጥቂት ስለሆነም ዋጋው እጅግ ውድ ነው። የተራው ፍየል የውጭ ጠጕር ግን ለስላሳ ባይሆንም ጠንካራ ስለሆነ ለገመድና ለድንኳን ያገለግላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፤ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ደጋ የሚረባው ባለላት በግ በጠጕሩ የታወቀ ነው። በዚያ አገር ውርጭ አዝመራውን ሲመታው የገበሬው መጠጊያ በጉ ነው። ሴቶች ጠጕሩን በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ከዚህም ባና ይሠራል። የመንዝ በግ ጠጕር ሸካራ ነው፤ በመካከሉም ቀለም አጥርቶ የማይቀበል ድርቅ ያለ ጠጕር ይገኛል። ስለዚህ ከሜሪኖ ጋር አወዳድሮ መናቅ አይገባም። ለሸሚዝ የማይሆነው ጠጕር ለብርድ ልብስና ለስጋጃ የሚፈለገው እርሱ ነውና።

ዋጋውን የሚያዋርደው የጠጕሩ ሸካራነት ሳይሆን አያያዙ ነው። ያልታጠበ ጠጕር ቅባት፤ ላብ፤ አቧራና አሜከላ ይዟል። ሁለት ሰዎች አሥር አሥር ኪሎ ጠጕር ወደ ገበያ አመጡ እንበል። የአንዱ ሲታጠብ 7 ኪሎ፤ የሌላው 5 ኪሎ ቢወጣው፤ ነጋዴው ግን ለሁለቱም ባልታጠበው ሚዛን እኩል ቢከፍል፤ በንጽሕና የያዘው ሰው ተጐዳ፤ አፈር የቀላቀለው ተጠቀመ። በሚመጣው ዓመት ሁለቱም አፈር ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ ገበያን የሚቈጣጠር ሹም ጠጕሩ ከታጠበና ከደረቀ በኋላ በሚወጣው ሚዛን እንዲሸጥ ቢያስለምድ፤ ከብዙ ምክር ይልቅ ይህ አንዱ ሥራ ይጠቅማል። ባለ በጎቹም ውርጭ ካለፈ በኋላ በንጹሕ ስፍራ ይሸልቱ፤ ነጩን፤ ጥቍሩንና ቡናማውን ለየብቻ ያድርጉ፤ የሆድና የእግር ጠጕርንም ከጀርባው አይቀላቅሉ። ሲያጥቡም ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ነክረው ያጥልቁት እንጂ አይሹት።

ከኹሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን አባ ሰንጋ ነው። የዚህ በሽታ ዘር በጠጕርና በቆዳ ላይ ብዙ ዘመን ሳይሞት ይቈያል። በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር በብራድፎርድ ከተማ ከሩቅ አገር የመጣ ጠጕር የሚለዩ ሠራተኞች ከአቧራው ጋር የበሽታውን ዘር እየሳቡ ሞተዋል፤ መንግሥቱም በ1919 ስለዚሁ ነገር ሕግ አውጥቷል። እንግዲህ በአባ ሰንጋ የተጠረጠረን በግ መግፈፍ፤ መሸለት ወይም ሥጋውን መከፋፈል ፈጽሞ አይገባም። ለእንስሳት ሐኪም ወዲያው ይነገር፤ ሬሳውም ሳይከፈት ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር። የአንድ በግ ጠጕር ለማትረፍ የሰው ነፍስ አይጠፋም።

በመጨረሻም ለሕሙማንና ለእስረኞች ብርድ ልብስ የሚገዛ ሹም እንዳይታለል ይህን ያድርግ። ከድሩም ከማጉም ጥቂት ክር መዞ በእሳት ይፈትን። የበግ ጠጕር የሆነው እንደ ተቃጠለ ጠጕር ይሸታል፤ አመዱም ጥቍር ሆኖ በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል። በፋብሪካ ከነዳጅ ዘይት የተሠራው ክር ግን ይቀልጣል፤ ሲበርድም እንደ ጠጠር ይጠነክራል። ድሩ አንድ፤ ማጉ ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና አንዱን ብቻ ፈትኖ መተው አይበቃም። በዚህ ጥቂት ድካም የመንግሥት ገንዘብ ከከንቱ ወጪ ይድናል፤ በብርድ ሌሊት የሚተኛውም ድኻ የተገዛለትን ሙቀት ያገኛል።