ኢኦሲኖፊል ሲበዛ፦ ከስቴሮይድ በፊት ትል ይፈለግ

ኩዌት፣ ማንጋፍ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዟችሁ በደም ምርመራ ኢኦሲኖፊል የተባለው ነጭ የደም ሴል በዝቶ ከተገኘ፣ አስቀድሞ ጥገኛ ትል ይፈለግ። እርግጥ ሴሉ ሥር በሰደደ የአንጀት ብግነትም ይበዛል፤ የሚለቀው መርዛማ ፕሮቲን የአንጀትን ግድግዳ ይጎዳል። ግን ትልንም የሚዋጋው እሱው ነው፤ ጣና ዙሪያ ያደገ ሰው ቢልሃርዚያ ሊኖርበት ይችላል። ይበልጥ የሚያሰጋኝ ስትሮንጂሎይድስ የተባለው ትል ነው፤ በሰውነት ውስጥ እየተራባ አሥርተ ዓመታት ይቆያል፣ ለብግነቱ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ የሰውነት መከላከያችንን ሲያዳክም ደግሞ ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል።

«ስመጣ ሰገራዬ ተመርምሮ ነጻ ተብያለሁ» ትሉ ይሆናል፤ አንድ የሰገራ ምርመራ ይህን ትል ብዙ ጊዜ ያልፈዋል፣ የፀረ እንግዳ አካል የደም ምርመራ ይሻላል። የአንጀት ብግነቱ ሲጠና ስቴሮይድ ማዘግየት አደገኛ መሆኑም እውነት ነው፤ ያኔ ሐኪሙ ውጤቱን ሳይጠብቅ አይቨርሜክቲን የተባለውን የትል መድኃኒት አብሮ ሊያዝዝ ይችላል። ስለዚህ ያደጋችሁበትን አካባቢ ሳትጠየቁም ለሐኪማችሁ ንገሩ።