ዱላውን እናውቃለን፤ ተክሉንስ?

የክትክታ ዱላ የማያውቅ የለም። እረኛው ይዞት ይውላል፣ ሽማግሌው ይመረኮዘዋል። እንጨቱ ጠንካራና ከባድ ስለሆነ ለመጥረቢያና ለዶማ እጀታ ይመረጣል፤ ለቤት ማገር ይሆናል፣ ማገዶውም እሳቱ ደህና ነው። ይህን ሁሉ የሚሰጠንን ቁጥቋጦ ግን ግቢው ውስጥ የተከለው ስንቱ ነው?

ነገሩ የቆየ ነው። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ፣ ችግኝ ሲባል ልባችን የሚሄደው ከውጭ ወደመጣው ነው። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ተጀምሮ አገሩ ሁሉ ለተከላ ወጣ። በየግቢውና በመንገድ አካፋዮች ላይ ግን ዛሬም በበጋ ቦቴ ካልደረሰለት የሚደርቅ ሣርና አበባ እናያለን። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ልክ አይደለም።

ክትክታ በጋን ያውቅበታል። ቅጠሉ ያብለጨልጫል፣ በጣት ሲያሹት ይጣበቃል። ያ ሙጫ መሰል ሽፋን ውሃው ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል፤ ስለዚህ መስኩ ሲገረጣ እሱ እንደለመለመ ይከርማል። ከብትና ፍየልም ብዙ አይደፍሩትም። በትግራይና በወሎ አፈራቸው የታጠበ ተራሮች ከንክኪ ሲከለሉ፣ ቀድመው ከሚያገግሙት አንዱ እሱ ነው። አውስትራሊያና ካሊፎርኒያ ውስጥ ዘመዶቹን ለአጥር ይተክሏቸዋል። እኛ ከተራራው ቆርጠን እናነደዋለን።

አተካከሉ ከባድ አይደለም፤ ዘሩ ላይ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ክንፍ ያለው ፍሬው ቀላ ብሎ ቆይቶ ሲበስል ቡናማ ይሆናል። ያን ጊዜ ለቅሞ፣ አሽቶ፣ ትንንሾቹን ጥቋቁር ዘሮች መለየት ነው። ቅርፊታቸው ጠንካራ ስለሆነ እንዲሁ ቢዘሯቸው ብዙዎቹ አይበቅሉም። ማታ የፈላ ውሃ ከእሳት አውርዶ ዘሩን መጨመር፣ እዚያው እንደተነከረ ማሳደር፣ ጠዋት መዝራት። ችግኙ ክረምቱ ሲገባ ይተከላል፤ ለአጥር ከሆነ አንድ ሜትር ግድም አራርቆ። በመጀመሪያው በጋ አልፎ አልፎ ውሃ ካገኘ ከዚያ በኋላ ራሱን ይችላል።

የሚጠላው ውሃ የሚተኛበትን መሬት ነው። ዋልካ አፈር ያለው ሰው መደቡን ከፍ ያድርግለት፤ አለዚያ ሥሩ ይበሰብሳል። ጠጠራማ ተዳፋት ይስማማዋል፣ ጥላ ሥር ግን ይሳሳል። እየከረከሙ ከያዙት ጥቅጥቅ ያለ አጥር ይወጣዋል፤ ካልነኩት ከሰው ቁመት አልፎ ዛፍ ያህላል። ወንዴና ሴቴው ብዙ ጊዜ ለየብቻ ስለሚበቅሉ፣ የቀላውን ፍሬ በደጁ ማየት የሚሻ ሰው አንድ ብቻ አይትከል።

ችግኝ ጣቢያ ሲሄዱ ክትክታ ይጠይቁ። የለም ቢሉዎት ደግመው ይጠይቁ፤ ጠያቂ ሲበዛ ማፍላታቸው አይቀርም። እስከዚያው ፍሬው ሲበስል ከመንገድ ዳር አንድ እፍኝ ዘር ለቅመው ለመጪው ክረምት ያዘጋጁ።