ቴሌስኮፕ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ከረጢት አሸዋ

ጳጉሜ 2 ቀን 2017 ዓ.ም ምሽት ላይ ካሜራዬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

የጨረቃ ግርዶሽ ነበር። አዳማ የተከራየሁበት ቤት ሶሌታ ላይ ወጥቼ፣ ከአንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ የገዛሁትን አሮጌ ካኖን ስታንድ ላይ ሰክቼ ቆሜያለሁ። ደመናው እየመጣ ይሄዳል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጥላው ጨረቃን ከጠርዟ እየበላት ሲሄድ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ጥርት ያሉ ነበሩ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሙሉ በሙሉ ጥላው ውስጥ ስትገባ ግን ስክሪኑ ጨለመብኝ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ፎቶ፤ ሁሉም ጥቁር። ባትሪውን አውጥቼ መለስኩ፣ ሌንሱን ፈትቼ አሰርኩ፣ ሜሞሪ ካርድ ቀየርኩ። የሸጠልኝንም ልጅ በሆዴ ረገምኩት።

ካሜራው ምንም አልሆነም። ሙሉ ጨረቃን በሰከንድ 250ኛ ማንሳት ይቻላል፤ በጣም ታበራለቻ። በግርዶሹ ቀልታ ስትቆይ ግን ብርሃኗ በሺዎች እጥፍ ስለሚቀንስ ሻተሩ አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ሙሉ ክፍት መሆን አለበት። ይሄ ሲገባኝ 3 ሰዓት ከ20 ሆኗል። ግርዶሹ የሚቆየው እስከ 3 ሰዓት ከ52 ነው። ቶሎ ብዬ ሰከንዱን ጨመርኩና በዚያኛው በኩል ሌላ ጠላት ጠበቀኝ፤ የአዳማ ነፋስ። ስታንዱ ተንቀጠቀጠ፣ ጨረቃዋም ተጎተተች።

ጠዋት ፎቶውን ለአከራዬ አሳየኋቸው። ማታ "አንተ ልጅ፣ ሶሌታ ላይ ምን ትጠብቃለህ?" ብለውኝ "ጨረቃን ነው እትዬ" ስላቸው "የት ትሄድብሃለች ታዲያ?" ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ስልኬን አስጠግተው አይተው "ይሄ ዛላ በርበሬ አይደል እንዴ?" አሉ።

ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት። ትምህርቱ ብዙ ባያበላኝም አንድ ጥያቄ ጭንቅላቴ ውስጥ ትቶልኝ ሄዷል፤ ቀጣዩ ብር የት ቢውል ይበልጥ ይጠቅማል? የሚገርመው ይህን ጥያቄ ለሰማይ ፎቶ ሳልጠቀምበት ሁለት ዓመት ከርሜያለሁ። ብሬን ያወጣሁት በተገላቢጦሽ ነበር። መጀመሪያ የገዛሁት መጨረሻ መግዛት የነበረብኝን ነው።

የእቁብ እጣዬ ሲወጣ አንድ ቴሌስኮፕ ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ "675 እጥፍ ያጎላል" ይላል። እናንተም ቴሌግራም ላይ አይታችሁት ይሆናል። አትሸወዱ። ቴሌስኮፕን ቴሌስኮፕ የሚያደርገው የማጉላት ቁጥሩ ሳይሆን የፊት መስታወቱ ስፋት ነው። በደፈናው፣ ጥሩ ሰማይ ላይ የሚሠራ ማጉላት የመስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ተለክቶ በሁለት ሲባዛ የሚገኘው ነው። የእኔ 60 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ማለትም ቢበዛ 120 እጥፍ። ከዚያ በላይ ያለው የካርቶን ወግ ነው፤ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አይጠራም። እግሩ ደግሞ ቀጭን ስለሆነ በእጅ ነክታችሁ ስትለቁት ለጥቂት ሰከንድ ይወዛወዛል። ሳተርንን አየኋት፣ አልክድም፤ የምስር ፍሬ አክላ። ስልኬን ዓይን ማያው ላይ አስጠግቼ ላነሳት ስሞክር ግን ከመቶ ፎቶ አንድም አልረባ። በዚያ ዋጋ ጥሩ 10 በ50 ባይነኩላር ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ሰማዩን እማርበት ነበር።

ሁለተኛው ስህተቴ የበለጠ ውድ ነበር። ውጭ አገር ያለ የአክስቴ ልጅ ሲመጣ ትራከር አስመጣሁት። ትራከር ማለት ካሜራውን ከምድር ሽክርክሪት ጋር እያስተካከለ ኮከቡን የሚከተል ሞተር ነው። ዩቲዩብ ላይ ያሉት ሁሉ "ከሁሉም በፊት ይህን ግዙ" ይላሉ። ልክ ናቸው፤ እነሱ ባሉበት አገር። ትራከር የሚሠራው ዘንጉ ወደ ሰሜን ዋልታ ሲያመለክት ነው፣ ይህንንም የሰሜን ኮከብን በማየት ያስተካክሉታል። ያ ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚታይበት ከፍታ ከምትኖሩበት የኬክሮስ መስመር ጋር እኩል ነው። ለንደን ላይ 51 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ይቆማል። አዳማ ግን 8 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። እጃችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ብትጨብጡ የጡጫው ስፋት 10 ዲግሪ ያህላል። እንግዲህ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ አንድ ጡጫ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። በእኔ ሰፈር እዚያ ቦታ ላይ ያለው የጎረቤት ፎቅ፣ አቧራና የከተማ ብርሃን ነው። ሦስት ሳምንት ፈለግሁት፤ አንድም ቀን አላየሁትም።

"ኮምፓስ አለ አይደል?" ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ሶሌታ ማለት ግን ሲሚንቶ የለበሰ ፌሮ ነው፤ ጎኑ ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያ አለ። የስልኬ ኮምፓስ ሁለት እርምጃ በተራመድኩ ቁጥር ሌላ ሰሜን ያሳየኛል። በመጨረሻ የሠራልኝ የግንበኞች ቱንቢ ነው። በጋ ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ እኩለ ቀን አካባቢ የተንጠለጠለ ክር ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል። ጥላው በጣም ባጠረበት ቅጽበት በጠመኔ መስመር አሰመርኩ፤ መስመሩ እውነተኛው ሰሜን ነው። ማታ ትራከሩን መስመሩ ላይ አቁሜ ከፍታውን በስልክ የዘንበልታ መለኪያ 8 ዲግሪ ተኩል ላይ አደረግሁት። ፍጹም አይደለም፤ ግን በሰፊ ሌንስ አንድ ደቂቃ ያህል ኮከቡ ነጥብ ሆኖ ይቆያል። ትራከር ወይም ማውንት ልታስመጡ ካሰባችሁ ዝቅተኛው የኬክሮስ ገደቡ ስንት እንደሆነ ሳታዩ እንዳትከፍሉ። አንዳንዶቹ ከ10 ዲግሪ በታች አይወርዱም። ለእኛ ለስምጥ ሸለቆ ልጆች ያ ዕቃ ጌጥ ነው።

አሁን ወደ ነፋሱ ልመለስ። አዳማ በር ላይ ባሉት ኮረብቶች ላይ የተተከሉትን የነፋስ ተርባይኖች ታውቋቸዋላችሁ፤ አንደኛው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ተብለው የተሠሩ ናቸው። እዚያ የተተከሉት ነፋስ ስላለ ነው። ሰማዩ ጥርት በሚልበት በጋ ይኸው ነፋስ ስታንዳችሁን ሲነቀንቀው ያድራል። ለዚህ መፍትሔው አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ አሸዋ ሞልቶ ከስታንዱ መሐል ማንጠልጠል ነው። ከረጢቱ ራሱ እንዳይወዛወዝ ታቹ መሬቱን ትንሽ ይንካ። የስታንዱን መካከለኛ ዘንግ ወደ ላይ አትሳቡት፣ የካሜራውን ማንጠልጠያ ገመድም ፍቱት፤ እሱም እንደ ባንዲራ ነፋስ ይይዛል። ቁልፉን በጣት አትጫኑ፣ የ2 ወይም የ10 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ። ለዚህ ሁሉ ያወጣሁት ብር የለም፤ አሸዋው ግቢያችን ውስጥ ከግንባታ የተረፈ ነው። ከቴሌስኮፑም ከትራከሩም የበለጠ ፎቶዬን የለወጠው ግን እሱ ነው።

ካሜራ መግዛት ካለባችሁስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አዲስ ዕቃ ማስመጣት ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ህልም እየሆነ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከመቶ አልፏል። ስለዚህ ዓይናችሁን ሰርግ ቤቶች ላይ አድርጉ። ቪዲዮና ፎቶ የሚሠሩ ልጆች ወደ አዲስ ካሜራ ሲሸጋገሩ እነ ካኖን 600ዲና 700ዲን ይሸጣሉ። ለሰርግ ያረጀ ካሜራ ለኮከብ አላረጀም። ሻጩ ጋ ስትሄዱ ግን ሌንሱን በክዳኑ ከድናችሁ፣ አይኤስኦ 1600 ላይ 30 ሰከንድ አንድ ፎቶ አንሱና አጉልታችሁ እዩ። ጥቂት ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች መኖራቸው ያለ ነው፤ ሰማይ የመሰለ ከሆነ ግን ተመለሱ። ሌንሱን በስልክ ባትሪ ብርሃን በአንድ በኩል አብርታችሁ በሌላው በኩል አጮልቁ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየ ፈንገስ ነው። ሻጩ "አቧራ ነው" ይላችኋል። አይደለም።

ስልክ ብቻ ላላችሁ ደግሞ አትዘኑ። ጎግል ፒክስል ከ4 ጀምሮ የከዋክብት ሞድ አለው፤ ስልኩ አለመነቃነቁን ሲያውቅ እስከ 4 ደቂቃ ብዙ ፎቶ አንስቶ አንድ ያደርጋቸዋል። ሌላ ስልክ ከሆነ ፕሮ ሞድ ውስጥ ገብታችሁ ሻተር ስፒዱ እስከ ስንት እንደሚሄድ እዩ። 15 ሰከንድ ከደረሰ ይበቃችኋል። አይኤስኦ 1600፣ ፎከስ ማለቂያ የሌለው ርቀት ላይ፣ 3 ሰከንድ ታይመር፣ ስልኩን ድንጋይ ላይም ቢሆን ማስደገፍ፤ በቃ። ፎቶው የደበዘዘ ከሆነ ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ ጥፋቱ የፎከስ ነው። አውቶ ፎከስ ጨለማ ውስጥ ዕውር ነው። በካሜራ ከሆነ ላይቭ ቪውን አብሩ፣ ደማቅ ኮከብ 10 ጊዜ አጉሉ፣ ኮከቡ ትንሿ ነጥብ እስኪሆን ድረስ ቀለበቱን በእጅ አዙሩና በፕላስተር ለጥፉት። ኮከቦቹ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ሰረዝ ከሆኑ ደግሞ ሰከንዱ በዝቷል። 500ን ለሌንሱ ርዝመት አካፍሉት፤ እንደ 600ዲ ባለ ካሜራ ላይ ርዝመቱን መጀመሪያ በ1.6 አባዙት። በ18 ሚሊ ሜትር 17 ሰከንድ፣ በ50 ሚሊ ሜትር 6 ሰከንድ ያህል ይመጣል።

የት ሄዶ ማንሳት? አዳማ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው ሰማይ የሚኖረን (በመብራት መጥፋት የምደሰት ብቸኛው ነዋሪ ሳልሆን አልቀርም)። ወደ ባቱ፣ ቡልቡላና ላንጋኖ ስትወርዱ ግን ነገሩ ይለወጣል። ኬክሮሳችን ትራከሬን ቢያበላሽብኝም የሚክስበት እዚህ ነው። የደቡብ መስቀልንም የሰሜኑን ትልቅ ድብንም ከአንድ ቦታ እናያለን፤ አውሮፓ ያለ ሰው አንገቱን ቢያረዝምም የደቡብ መስቀልን አያያትም። የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ ክፍል ለእኛ ግማሽ ሰማይ ድረስ ይወጣል። ችግሩ ምሽቱን ሙሉ ጎልቶ የሚታየው በሰኔና በሐምሌ፣ ማለትም ክረምት ላይ ነው። ስለዚህ ወይ በመጋቢት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ማየት፣ ወይ በጥቅምት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ ወደ ደቡብ ምዕራብ መቅደም ነው።

ባለፈው ጥቅምት ባቱ ሐይቁ አጠገብ ይህን ልሞክር ብዬ አንድ ሰዓት ያህል ካነሳሁ በኋላ ፎቶዎቼ ሁሉ ወተት መሰሉ። ጤዛ ነበር። ሌንሱ ከአየሩ ሲቀዘቅዝ ላብ ያልበዋል፤ ሐይቅ ዳር ደግሞ ይብሳል። በጨርቅ መጥረግ አያዋጣም፣ በደቂቃ ይመለሳል። ከፓወር ባንክ የሚሞቅ የሌንስ መቀነት ይሸጣል፤ እኔ ለጊዜው ለብ ያለ ውሃ የሞላ ትንሽ ሃይላንድ በካልሲ አድርጌ ከሌንሱ ጎን አስራለሁ። የግቢው ጥበቃ ኦቦ ሊጠይቁኝ መጥተው ካልሲውን ሲያዩ ጥያቄያቸውን ረሱት። በነገራችን ላይ ጥበቃና የአካባቢው ሰው ሳያውቅ በሌሊት ስታንድ ይዛችሁ አትውጡ፤ ከመምሸቱ በፊት ሂዳችሁ ራሳችሁን አስተዋውቁ። ቢሾፍቱ አካባቢ የአየር ኃይል ግቢ ስላለ እዚያ ረጅም ሌንስ ይዞ መዞር ጭራሽ አይታሰብ።

ለመጀመሪያ ፎቶ ምን ላንሳ ለምትሉኝ፣ በኅዳርና ታኅሣሥ በአናታችን ላይ የምታልፈውን የጥቃቅን ከዋክብት ዘለላ ሞክሩ፤ ፈረንጆቹ ፕሊያዲስ ይሏታል። የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃታል። የቦረና ሰዎች ቡሳን ብለው ይጠሯታል፤ አያንቱዎቻቸው ጨረቃ ከእሷና ከሌሎች ጥቂት ከዋክብት ጋር የምትገናኝበትን እያዩ ወራትን ሲቆጥሩ ኖረዋል። በዓይናቸው ብቻ።

እኔ አሁን እየተዘጋጀሁ ያለሁት ለሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም ነው። ያን ቀን ቀትር ካለፈ በኋላ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ሙሉው ግርዶሽ በግብፅ፣ በሳዑዲና በየመን አድርጎ ሰሜን ሶማሊያን ይነካል፤ ለእኛ ከፊል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም የላሊበላውን ቀለበት ግርዶሽ ጊዜ ሰው በኤክስሬይ ፊልም ሲያይ አስታውሳለሁ፤ አታድርጉት፣ ዓይንን ይጎዳል። ካሜራ ላይም ማጣሪያው የሚቀመጠው ከሌንሱ ፊት እንጂ ከኋላ አይደለም። ደረጃውን የጠበቀ ማጣሪያ ማስመጣት ካልቻልኩ ብዬ ሰፈሬ ያለ በያጅ ጋ ሄጄ ቁጥር 14 መስታወት እንዳለው ጠየቅሁት። ከ14 ያነሰ ቁጥር አይሆንም። ፎቶውን አረንጓዴ ያደርገዋል፣ ጥራቱም የካሜራ አይደለም፤ ግን ለዓይንም ለካሜራም ይከላከላል።

"ለምን ፈለግኸው?" አለኝ። ፀሐይን ላነሳበት ነው ስለው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አየኝ። ሁለት ነበረው። አንዱን ወስጃለሁ፤ ሌላውን እሱ ራሱ ለዚያ ቀን አስቀምጦታል። ሐምሌ ላይ ደመና ይኖር ይሆናል።